እትዬ ዶሴ ቀለም የዘጋውን መሳቢያ የከፈቱበት ዕለት

በእትዬ ዶሴ የመዝጋቢነት ዘመን በዐሥረኛው ዓመት፣ በዘመነ ነጭ ቀለም በሁለተኛው ቀን፣ በዕለተ ዐርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ስድስት ሰዓት የሆነውን፣ ዓይን ያየውን ጆሮም የሰማውን፣ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጽፋለን። ንጽሐፍ እንከ ዜና ገድላ፣ የገድላቸውን ዜና እንጻፍ፤ የጀግኖች ሁሉ ድል በፈረስ ጀርባ ላይ ሲሆን የእርሳቸው ግን በገዛ ጀርባቸው ተኝተው የሆነውን፣ ጠላታቸውም ሰው ሳይሆን ክንድ ከስንዝር የሚሆን መሳቢያ የሆነበትን፣ የዚያችን ትንሽ ኮሌጅ ታላቅ ዘመቻ እንተርካለን።

እትዬ ዶሴ፣ ዐቃቢተ መዝገብ፣ እመ ፋይል ወካርቶን፣ ጉልበታቸውን ሪህ ቢይዘውም ዓይናቸው ግን ያልተፈረመ ወረቀት ከሦስት ክፍል ማዶ የሚለይ፣ የኮሌጇ ሬጅስትራር ነበሩ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ማንም ሰው «ውጤቴ ተሳስቷል» እያለ በራቸው ላይ ሲጮህ፣ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ጫፍ ሳያነሡ «ተቀመጥ፣ ዶሴህ ይናገራል» ማለት ልማዳቸው ስለ ነበረ፣ ስሙን ተማሪ አወጣላቸው፤ መምህር አጸደቀው፤ እርሳቸውም እንደ ካባ ደረቡት።

ሌላው ሰው ዘመኑን በዓመት ይቆጥራል፤ ኮሌጇ ግን በቀለም ትቆጥር ነበር፤ አዲስ ዲን በተሾመ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ ግድግዳ ይቀባልና። መጀመሪያ ዘመነ አረንጓዴ ነበረ፤ በእርሱም ሽማግሌው ዲን ሦስት ዓመት ገዙ። በዚያ ዘመን ኮሌጇ ስድስት ክፍሎች፣ ጣራው የሚያፈስስ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ቁልፉ ከዘበኛው ኪስ የማይወጣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ መቶ ዐሥራ ሁለትም ተማሪዎች ነበሯት፤ አናጢነት፣ የጽሕፈት መኪናና የመዝገብ አያያዝ ይማሩባት ነበር። ሽማግሌው ዲን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ አዋጅ ብቻ አወጁ፤ እርሱም «ደወል ሲደወል ግቡ፤ ዳግመኛ ሲደወል ውጡ» የሚል ነበር። ኮሌጇም ሰላም ሆነች።

በዚሁ ዘመን በሁለተኛው ዓመት፣ ባለ መጥረጊያዋ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ትምህርቷን ከዐሥረኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ቃሏ ጥቂት፣ ባልዲዋ ሁልጊዜ ንጹሕ። አንድ ቀን እትዬ ዶሴ የተማሪ ስም ዝርዝር ይዘው ወደ ሦስተኛው ክፍል ቢገቡ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ተገትራ አገኟት። ዜና መዋዕል አዋጅ እንጂ ተራ ወግ መጻፍ ደንቡ አይደለም፤ ነገር ግን ይህችን ቃል መዝለል ከታሪክ መስረቅ ስለሚሆንብን እንጽፋታለን።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሏት።

«ሳላነበው ማጥፋት ከበደኝ እትዬ» አለች።

እትዬ ዶሴ በማግስቱ ፎርም ይዘው መጡ፤ የባልዲውን አፍ በሰሌዳ ከድነው፣ በዚያ ላይ አስደግፈው፣ አጠገቧ ቆመው አስሞሏት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለ መጥረጊያዋ በየወሰነ ትምህርቱ አንዲት ኮርስ፣ አንዲት ብቻ፣ የመዝገብ አያያዝ ትማር ጀመር፤ ጠዋት የጠረገችውን ክፍል ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዛ ትገባበት ጀመር።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ከዚህም በኋላ፣ ዘመነ ክሬም ገባ፤ ዶክተሩ የሚባሉት አዲስ ዲንም ዘጠና አራት ገጽ ያለው ስትራቴጂክ ዕቅድ በብብታቸው ይዘው መጡ። በመጀመሪያው ሳምንት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦ «ያላነበብህ አንብብ፤ ያነበብህ ላላነበበው ንገር። ከዛሬ ጀምሮ ተማሪ ተማሪ አይባልም፤ ደንበኛ ይባላል። መምህርም መምህር አይባልም፤ አገልግሎት ሰጪ ይባላል።» የአናጢነት መምህሩ ጋሽ ሰጋቱራ፣ የእንጨት ብናኝ ከቅንድባቸው የማይለይ አዛውንት፣ በስብሰባው ላይ እጃቸውን አውጥተው «ሰጋቱራውስ ከእንግዲህ ማን ይባል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ፤ መልስ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘለትም።

ሁለተኛው አዋጅ የሚያስቅ አልነበረም። ወሰነ ትምህርቱ በዓመት ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ፤ ኮርሶችም እንደ አሮጌ ልብስ ተተርትረው እንደገና ተሰፉ። ባለ መጥረጊያዋ አንድ በአንድ ያጠራቀመቻቸው ዐሥራ አንድ ኮርሶች ሲቆጠሩ ሰባት ሆነው ተገኙ።

«አይዞዎት እትዬ» አለች፣ መጽናናት የነበረባት እሷ ሆና ሳለች፤ «ሁለተኛ ሲማሩት ይበልጥ ይገባል።»

እትዬ ዶሴን ግን ነገሩ ከነከናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአሮጌውን ኮርስ ከአዲሱ ጋር ምዕራፍ በምዕራፍ እያስተያዩ አርባ ገጽ ጽፈው ለዶክተሩ አቀረቡ። ዶክተሩ የራሳቸውን ዘጠና አራት ገጽ እንጂ የሌላ ሰው አርባ ገጽ የሚያነቡበት ጊዜ ስላልነበራቸው፣ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ፈረሙበት። ሰባቱም ዐሥር ሆኑ። አንዷን ማስመለስ ስላልቻሉ እትዬ ዶሴን እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

ከዚያ ዘመነ ሰማያዊ ሆነ። በእርሱም ዲኗ ተሾሙ፤ ሰውን የማይበድሉ፣ ንግግር ግን አብዝተው የሚወዱ፣ «ሁለት ቃል ልበል» ብለው ተነሥተው የሰውን ሁሉ ምሳ የሚያቀዘቅዙ ነበሩ። ኮምፒዩተር አስገቡና አወጁ፦ «ወረቀት ዘመኑ አልፎበታል፤ ዶሴዎች ሁሉ ወደ መጋዘን ይውረዱ።» እትዬ ዶሴ ትእዛዝ አክባሪ ናቸውና አወረዱ። ከዚያ በየቀኑ፣ ምሳ ዕቃቸው በሚገባበት ቦርሳ፣ አምስት አምስት ዶሴ እየከተቱ መልሰው አወጧቸው፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባም ደረደሯቸው። በሁለተኛው ዓመት ሲስተሙ ወደቀ፤ የሁለት መቶ ስድስት ሰው ውጤት እንደ ጉም በነነ፤ የባለ መጥረጊያዋም ድካም አብሮ በነነ። ዲኗ ደንግጠው «ዶሴዎቹ ከመጋዘን ይውጡ» ብለው ቢያውጁ፣ የአዋጁ ሙጫ ሳይደርቅ ዶሴዎቹን በፊደል ተራ በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ተደርድረው አገኟቸው።

«እንዴት በዚህ ፍጥነት ወጡ?» አሉ ዲኗ።

«ቀላል ናቸው» አሉ እትዬ ዶሴ።

በዐሥረኛው ዓመት ከሁሉ የከበደው አዋጅ መጣ፤ ይህኛው ከዲኗ ሳይሆን ከላይ ነበር። ኮሌጇ ከታላቁ ዩኒቨርሲቲ ጋር ትዋሐዳለች፤ ከዐርብ ቀትር ስድስት ሰዓት ጀምሮ ስሟ «ካምፓስ ሐ» ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት የኮሌጇ ማህተም ለርክክብ ኮሚቴው ይሰጣል፤ እስከዚያች ሰዓት ማህተም ያላረፈበት ምስክር ወረቀት ሁሉ ወደ አጣሪ ኮሚቴ ይተላለፋል። አጣሪ ኮሚቴ የገባ ወረቀት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፤ ተመልሶ የመጣ አልታየምና።

በዚያ ዓመት የተመረቁት አርባ አንድ ነበሩ፤ አርባ አንደኛዋም ባለ መጥረጊያዋ ናት። በዘጠነኛ ዓመቷ ጨረሰች። በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የመዝገብ ሠራተኛ ሆና እንድትቀጠር ፈተናውን አልፋ፣ «ሰኞ ጠዋት ዋናውን ምስክር ወረቀት ይዘሽ ቅረቢ፤ ካልቀረብሽ ተጠባባቂውን እንጠራለን» ተብላለች። ምስክር ወረቀቶቹ ግን ገና ማተሚያ ቤት ነበሩ፤ አንዴ የኮሌጇ ስም ተሳስቶ፣ አንዴ ዓመቱ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ በሦስተኛው የሚመጡት ዐርብ ጠዋት ነበር። እትዬ ዶሴም «ማህተም መምታት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ ዲኗ ለእንግዶቹ ክብር «የሚታይ ነገር ሁሉ ነጭ ይሁን» ብለው አወጁ። ቀለም ቀቢው ታዛዥ ሰው ነበርና ግድግዳውን፣ በሩን፣ የመስኮቱን ፍሬም፣ በመንገዱ ዳር ያሉትን ድንጋዮች ሳይቀር ነጭ አደረገ፤ እትዬ ዶሴ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ሲያስደረድሩም ጠረጴዛቸውን በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርቦ ቀባው።

ወኮነ በይእቲ ዕለት፣ በዚያች ዐርብ እንዲህ ሆነ። ሦስት ሰዓት ላይ ምስክር ወረቀቶቹ መጡ፤ ስሙም ዓመቱም ትክክል ነበር። ዲኗ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ሁሉንም ፈረሙ። እትዬ ዶሴ ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አውጥተው ወደ መሳቢያው ቢያስጠጉት ግን ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ የለም፤ ቀለሙ ደፍኖታል። የመሳቢያው ጠርዝም ከጠረጴዛው ጋር አንድ ሰሌዳ ሆኗል። ማህተሙ በውስጡ ነው።

እትዬ ዶሴ አልጮኹም። ቁጭ አሉ፤ ተነሡ፤ እንደገና ቁጭ አሉ። ከዚያ ሠራዊት ጠሩ።

የመጡትም እነዚህ ናቸው፦ ከስፖርት ክፍል ባለ ፊሽካው መምህር፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ከማሰብ ይልቅ መሳብ የሚቀናው፤ ከአናጢነት ክፍል ጋሽ ሰጋቱራ፣ ሦስት መሮና አንድ ካቻቢቴ የታጠቁ፤ ከበር ዘበኛው፣ በአንድ ቀለበት ሃያ ሰባት ቁልፍ ያንጠለጠለ፣ የስድስቱን በር ብቻ የሚያውቅ፤ ከኮሪደሩ ባለ መጥረጊያዋ ከነባልዲዋ፤ በመጨረሻም ዲኗ ከነስልካቸው።

ዘበኛው ቀደመ። ቀዳዳ ለሌለው መሳቢያ ቁልፍ ምን ይፈይድለታል ሳይል ሃያ ሰባቱንም አንድ በአንድ አስጠጋ፤ ግዴታውን ተወጥቶም ወደ በሩ ተመለሰ። ቀጥሎ ባለ ፊሽካው እጁን እፍ አለ፤ አንድ እግሩን በጠረጴዛው ቋሚ ላይ አስደገፈ፤ እጀታውን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ሳበ። ጠረጴዛው አልተነቃነቀም፤ መሳቢያውም አልተነቃነቀም፤ ባለ ፊሽካው ግን ወደ ኋላው ተሽቀንጥሮ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተላተመ። ወገቡን ይዞ ሲነሣ እጀታው በእጁ ውስጥ ነበር።

«መጣልኝ» አለ።

«እጀታው ብቻ ነው የመጣው» አሉ ጋሽ ሰጋቱራ፤ መሯቸውንም አወጡ።

መሮው ጠርዙን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ከበሩ በኩል «እንዳይነኩት!» የሚል ድምፅ መጣ። ይህም ባለ ቁጥሩ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ የላከው የንብረት ክፍል ሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ በየወንበሩ በየመስኮቱ ቁጥር ሲለጥፍ የዋለ።

«ይህ ጠረጴዛ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው» አለ። «ቁጥሩን ይዩት፤ ሦስት መቶ ዐሥራ ሰባት። ጭረት ከተገኘበት በእኔ ነው የሚመጣው።»

«በውስጡ ያለው ማህተምስ?» አሉ እትዬ ዶሴ።

ባለ ቁጥሩ ቅጹን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠ። «ማህተሙ እስከ ስድስት ሰዓት የእናንተ ነው።»

«እንግዲያው ያንተ ጠረጴዛ የኔን ማህተም ይዟል።»

«እንደዚያ ይመስላል» አለ፤ ክፉ ሰው አልነበረምና አንገቱን ደፋ።

ዲኗ ለፈቃድ ወደ ዩኒቨርሲቲው ደወሉ። ከወዲያ በኩል የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው አሏቸው። የሚመለከተውን ሰው የሚመለከተውንም ጠየቁ፤ እርሱም እዚያው ስብሰባ ላይ ነበረ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። እትዬ ዶሴ አርባ አንዱን ምስክር ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው ባለ መጥረጊያዋን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዐሥር ዓመት ከሦስት ዲኖች፣ ከአራት ቀለሞች፣ ከአንድ የወደቀ ሲስተም ያተረፉትን ዶሴ፣ የአንድ ቀለም ቀቢ ብሩሽ ሲበላው ማየት እንደ እሬት መረራቸው።

«ከሥሩ አልተቀባም» አለች ባለ መጥረጊያዋ።

ሁሉም ዞሩ።

«ቀለም ቀቢ ሰው የማያየውን አይቀባም። ዐሥር ዓመት ከሥሩ ጠርጌያለሁ። የመሳቢያው ወለል በአራት ብሎን ነው የተያዘው፤ አንዱ ብሎን ወጣ ስላለ ሁልጊዜ ሻሼን ይይዝብኛል።»

ጋሽ ሰጋቱራ ጎንበስ ብለው አዩ። «እውነቷን ነው። ብሎን ደግሞ ይፈታል፣ ይታሰራል፤ ጭረት የለውም።» ይህን ብለው ወደ ባለ ቁጥሩ አዩ። ባለ ቁጥሩ ትንሽ አሰበና የመስኮቱን መጋረጃ ሊቆጥር ጀርባውን ሰጣቸው።

ያን ጊዜ ማን ይግባ የሚል ክርክር ሆነ። ጋሽ ሰጋቱራ እንዳይገቡ ቦርጫቸው ከጠረጴዛው እግሮች ጋር አልተስማማም። ባለ ፊሽካው ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል። ባለ መጥረጊያዋ «እኔ ልግባ፣ ቦታውን አውቀዋለሁ» ብትል፣ ባለ ቁጥሩ ጀርባውን እንደ ሰጠ «የኮሌጃችሁ መመሪያ ማህተሙን ከመዝጋቢው በቀር ማንም አይነካም ይላል» አለ። ያን መመሪያ በመጀመሪያው ዓመት፣ በጥሩ ብዕር፣ በሁለት መስመር አስምረው የጻፉት እትዬ ዶሴ ራሳቸው ነበሩ።

እትዬ ዶሴ ጫማቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን አጠበቁ። ለእንግዳ ቀን የሚለብሱትን ልብስ ሰበሰቡ። ባለ መጥረጊያዋ ሽርጧን ፈታ ወለሉ ላይ አነጠፈችላቸው፤ ካቻቢቴውን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ሪህ የያዘው ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ሃምሳ ስምንተኛ ዓመታቸውን ተሸክመው በጀርባቸው ገቡ። ከውጭ የሚታየው ካልሲ የለበሰ እግራቸው ብቻ ነበር፤ ዲኗም በአክብሮት ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከቱ።

የመጀመሪያው ብሎን በቀላሉ ወጣ። ሁለተኛው አጉረመረመ፤ ወጣ። ሦስተኛው ጊዜ ፈጀ። አራተኛው፣ ያው ሻሽ የሚይዘው፣ ዝጎ እምቢ አለ።

«አይታየኝም» አሉ እትዬ ዶሴ።

ባለ መጥረጊያዋ ስልኳን አብርታ አጠገባቸው ተጋደመች። ሁለቱ ሴቶች ከጠረጴዛው ሥር ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሆኖ ነበር።

«እትዬ» አለች ባለ መጥረጊያዋ ቀስ ብላ፤ «ቢቀርም አይክፋዎት። ትምህርቱን እንደሆነ ተምሬዋለሁ። እሱን ማንም አይወስድብኝም።»

እትዬ ዶሴ ካቻቢቴውን አቆሙ።

«እኔን ይከፋኛል» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ስም ሲለዋውጡ፣ ቀለም ሲለዋውጡ ዝም ያልኩት የማልናገር ሆኜ አይደለም። አንድ ሰው በገባበት በር፣ የለፋበትን ይዞ፣ በትክክል ሲወጣ ልይ ብዬ ነው። መብራቱን ወዲህ አድርጊው።»

መብራቱ ወዲህ ሆነ። እትዬ ዶሴ ጥርሳቸውን ነከሱ፤ ካቻቢቴውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ጋሽ ሰጋቱራ ከላይ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያሉ አወጁ። ብሎኑ ጮኸ፤ ዞረ፤ ተፈታ። የመሳቢያው ወለልም ባንድ ጊዜ ወረደ።

የወረደውም ይህ ነው፦ ቁጥሩ ያልታወቀ ስፒል፤ ከዘመነ አረንጓዴ የቀረ ከረሜላ፤ የማይጽፉ ሦስት እስክሪብቶዎች፤ ጋሽ ሰጋቱራ ሁለት ዓመት የፈለጓት የአናጢ እርሳስ፤ የሽማግሌው ዲን የደወል መርሐ ግብር፤ ክዳኑ የተከፈተ የማህተም ቀለም ሣጥን፤ ከሁሉም በኋላ፣ ሌሊቱን በቀለሙ ላይ ተኝቶ ያደረው ክቡር ማህተም፣ በፊቱ ተደፍቶ፣ ልክ በእትዬ ዶሴ ግንባር መካከል አረፈ።

«አገኘሁት» አሉ።

ባለ መጥረጊያዋ መብራቱን ወደ ፊታቸው ብታዞር፣ ክብ የሆነ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ስመ ኮሌጁ አንዲት ፊደል ያልጎደለው ማህተም ግንባራቸው ላይ ታትሞ አየች። ልትናገር አፏን ከፈተች። ሰባት ደቂቃ ነው የቀረው። ዘጋችው።

እትዬ ዶሴ ከሥር ወጥተው፣ በካልሲ እንደ ቆሙ፣ ወደ ሥራ ገቡ። ጋሽ ሰጋቱራ ወረቀት ያቀርባሉ፤ እርሳቸው ይመታሉ፤ ባለ ፊሽካው ወገቡን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ያነሣል። በዐሥረኛው ላይ ባለ ፊሽካው ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ የእሷን ያስቀድሙት፤ ሌሎቹ ቢቀሩ ቸኩለው ሥራ የሚገቡ የሉም» አላቸው።

«በፊደል ተራ ነው» አሉ እትዬ ዶሴ፣ እጃቸውን ሳያቆሙ።

የባለ መጥረጊያዋ ስም በፊደል ተራ ከሁሉ መጨረሻ ነበር። እሷም ይህን ታውቃለችና ሽርጧን ከወለሉ አንሥታ አጥፋ ያዘች።

በሠላሳኛው ላይ የመኪና ድምፅ ተሰማ። በሠላሳ ሦስተኛው ላይ የርክክብ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ረጅም፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው፣ ከአራት ሰዎች ጋር ኮሪደሩ ውስጥ ገቡ፤ ሰዓታቸውንም አዩ። ያን ጊዜ ዲኗ በሩ ላይ ቆሙ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ምሳ ያቀዘቀዘው ስጦታቸው በዚያች ሰዓት ተፈለገ። እጃቸውን ዘርግተው «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ፤ «ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ቃል ልበል።» ስለ ትምህርት ጥቅም ጀመሩ። ከዚያ ስለ ውሕደት፤ ከዚያ ስለ ወንዞችና ስለሚገናኙበት ባሕር፤ ከወንዞቹ ወደ ዛፍ ሥር ተሻገሩ። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አጉተመተሙ፤ ዲኗ ሁለቱንም ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከጀርባቸው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል የማህተም ድምፅ ይሰማ ነበር። ባለ ቁጥሩም በመጋረጃው ቀለበቶች ላይ ተጠምዶ ነበር፤ አንድ ባንድ፣ በጣም በጥንቃቄ ይቆጥራቸው ነበር።

ዲኗ የዛፉ ፍሬ ላይ ሲደርሱ የማህተሙ ድምፅ ቆመ። ዲኗም በዓረፍተ ነገሩ መኻል «አመሰግናለሁ» ብለው ከበሩ ዞር አሉ። የኮሪደሩ ደወል ለስድስት ሰዓት ተደወለ።

እትዬ ዶሴ ጫማቸውን አድርገው፣ ማህተሙን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረቡ። ሰብሳቢው ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸው ግን የእትዬ ዶሴ ግንባር ላይ ቀረ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ከኋላቸው ያሉት አራቱም አነበቡ። ከዚያ ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ማህተሙን ተቀበሉ፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እትዬ ዶሴ በልባቸው «ምን ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው» አሉ።

እንግዶቹ ወደ አዳራሹ ከሄዱ በኋላ ባለ መጥረጊያዋ «እትዬ፣ ግንባርዎን ይዩት» አለቻቸው። ከቦርሳቸው መስተዋት አወጡ። ግንባራቸውን ተመለከቱ።

«ማን ማን አየኝ?»

«ሁሉም።»

እትዬ ዶሴ መስተዋቱን መለሱ። «ፊርማ የለውም» አሉ። «ፊርማ የሌለው ማህተም አይጸናም።» ይህን ብለው ወደ ቧንቧው ሄዱና ፊታቸውን ታጠቡ። ሲመለሱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ የመረከቢያ መዝገቡን ገለጡ፤ የመጨረሻዋን ወረቀት ከፊታቸው አቀኑ። ከዚያም «ወይዘሮ» ብለው ጀምረው፣ አንድ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ በሙሉ ድምፅ ጠሩ።

ባለ መጥረጊያዋ ማን እንደ ተጠራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አልነበረም።

«እርስዎን ነው» አሉ እትዬ ዶሴ። «ይቅረቡ። እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ቀረቡ። ፈረሙ። ይህም ዜና መዋዕል ከዚህች መስመር ጀምሮ አንቱ ይላቸዋል። ወረቀቱን ተቀብለው ሊታጠፍ የማይገባው መሆኑን ስለሚያውቁ በሁለት መዳፋቸው ዘርግተው ያዙት፤ እንባቸውም ወረቀቱ ላይ ሊወርድ ደረሰ። እትዬ ዶሴም «ማልቀስ ይቻላል፤ ወረቀቱን ግን አርቀው ይያዙት» አሏቸው።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮዋ ከጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ቀረቡ። የክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣ ማህተሙ ፊርማው ላይ ማረፉን መርምሮ፣ አንድ ወንበር አሳያቸው። ተቀመጡ፤ የመጀመሪያውንም ካርድ አወጡ።

ስለዚህ እናንተ ከኋላ የምትነሡ መዝጋቢዎችና ጸሐፊዎች ሁሉ፣ ማህተም በእጃችሁ ያለ፣ ቁልፍ በአንገታችሁ ያለ፣ የእትዬ ዶሴን ዜና ለልጅ ልጅ ንገሩ። በዐሥር ዓመት አራት ቀለም ያየች ኮሌጅ ስሟ ሲጠፋ፣ እርሳቸው ግን በአርባ አንድ ሰው እጅ አኖሯት። ከጠረጴዛ በታች ገብተው ከጠረጴዛ በላይ ያሉትን ያሳፈሩ፣ ቸኩለው ተራ ያልዘለሉ፣ ተራ ጠብቀው ሰው ያልጣሉ፣ ዐቃቢተ መዝገብ፣ መዋዒተ መሳቢያ፣ የመሳቢያው ድል አድራጊ፣ ምስጋናቸው ከፍ ይበል። ጉልበታቸውንም ይማርልን።